የዳኛው አሸዋ

ጥቅምት 8 ቀን

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ? ሥራውስ? እኛ ክብሩ ይስፋና አለን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ዓይኗ ያው እንደምታውቀው ነው፣ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ጆሮዋ ደግሞ ስልክ መስማት ትቷል። ባለፈው ስትደውል "ማነው ይሄ የሚንጫጫው?" ብላ ስልኩን የመለሰችልኝ ያንተን ድምፅ ሰምታ ነው። ስለዚህ ጻፍ። ደብዳቤህን ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ ሳነብላት አንድ ቃል አያመልጣትም፤ ሳምንቱን ሙሉ "እስቲ ያቺን ድገሚልኝ" እያለች ታስደግመኛለች።

የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መቼ ይመጣል? ወደ ስፌት ቤት ስወጣ ትጠይቀኛለች፣ ስመለስ ትጠይቀኛለች። "በቅርቡ" እያልኩ ምላሴ ፀጉር አበቀለ።

ሌላው ስለ ድመቱ ነው። ከድሮው ግቢያችን ይዛው የመጣችው እሱን ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። ቁጭ ብሎ ሰው ሲያይ ፍርድ የሚሰጥ ስለሚመስል አሁን "ዳኛው" እያለች ነው የምትጠራው። እዚያ ሳለ ጓሮ ወጥቶ፣ አፈር ጭሮ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ቀብሮ ይመለስ ነበር። የት ሄድክ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ከበር እስከ በር ሲሚንቶ ነው። የወንድ ድመት ሽንት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ይከረፋል። አከራያችን፣ እማዬ "አነፍናፊዋ" ያለቻት ሴትዮ፣ ደረጃው ላይ አፍንጫዋን ይዛ ቆማ "ወይ ድመቱ ይውጣ ወይ እናንተ ውጡ" አለችኝ። ድመቱ ከወጣ እማዬ እህል እንደማትቀምስ እኔ አውቃለሁ። አሁንም ሁለት ሦስት ጉርሻ የምትወስደው እሱ እግሯ ላይ ሲተኛ ነው።

እናንተ ዘንድ ሰው ፎቅ ላይ ድመት ያኖራል አሉ። ድመቱ ምን ላይ ነው የሚጸዳዳው? ርካሽ የሆነና እዚህም የማይጠፋ ነገር ካለ ጻፍልኝ። ስለ መምጣትህም አንድ ቃል ጣል አድርግ።

እህትህ

ኅዳር 2 ቀን

ለእታለሜ፣

ሰላምሽ ከነቤተሰቡ ይብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ከረጢት ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። የተቀመጥኩበት ከረጢት ምን እንደሆነ ገምቺ። የድመት አሸዋ! ስንቱን ከመኪና ሳወርድ ስውል ለራሴ ቤት ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ስሚኝ እንግዲህ። እዚህ ለሰው ቤት ከመፈለግ ለድመት አሸዋ መምረጥ ይከብዳል። አንደኛው ተራው የሸክላ ጠጠር ነው። ሲገዙት ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ሽንቱን ይመጥጣል እንጂ አይቋጥርም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ሙሉውን መድፋት ነው። ርካሽ የመሰለሽ ነገር ውድ ሆኖ ያርፋል። ሌላው የሚቋጥረው ነው። ደቃቅ ነው፣ ሽንት ሲነካው እንደ ሊጥ ይድቦለቦላል። ድብልብሉን በጭልፋ አውጥተሽ ትጥያለሽ፣ የቀረው ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል። እኔን ከጠየቅሽኝ ምርጫዬ እሱ ነው። ከሰጋቱራ ተጨምቆ እንደ እንክብል የሚሠራም አለ፣ ሽታ ያጠፋል፣ ቀላል ነው። ከወረቀት የሚሠራ አለ፣ ቶሎ ይበሰብሳል። እንደ መስታወት ስብርባሪ የሚያብረቀርቅም አለ፣ እሱ የሀብታም ድመት ነው፣ ለዳኛው አይሆንም። ሽቶ ያለበትን እንዳትነኪው፣ ድመት ይጠላዋል፣ እልሁን በፍራሽ ላይ ይወጣል። አቧራ ያለበትንም ተይው። ደግሞ የሚቋጥረውን መጸዳጃ ቤት እንዳትደፊው፣ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ይሆናል።

ሳፋው ሰፊ ይሁን፣ ጥልቀቱ ጣት የሚያሰምጥ ይሁን፣ ከምግቡ ይራቅ። በየቀኑ ጭለፊ። ዋናው ምስጢር ይሄ ነው፤ የማይጨለፍ አሸዋ ወርቅ ቢሆንም ይሸታል።

ገጹ አለቀብኝ። እማዬን ሳሚልኝ። ስለ መምጣቱ ነገር ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 29 ቀን

ለወንድሜ፣

እንደምን አለህልኝ? ደብዳቤህ ደርሶኛል። አራት ገጽ ነው። እማዬ ወረቀቱን በእጇ መዝና "ዛሬስ ብዙ ጽፏል" ብላ ደስታዋን አልቻለችውም። እንግዲህ አንብቢልኝ አለች፤ እኔም እንደምንም አነበብኩላት።

ምክርህን እንዳልንቅ ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። እንክብሉንም የሚቋጥረውንም እዚህ የሚሸጥ አላገኘሁም። አንድ ሱቅ አለ የተባለውን ጠየቅሁ፣ ዋጋውን ሲነግረኝ "ለድመት ነው ያልኩህ" ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። ስለዚህ ከሚሠራው ሕንፃ አሸዋ ለምኜ በፌስታል ተሸክሜ ሦስት ፎቅ ወጣሁ። ሁለት ቀን ሳይሞላው ገማ፣ የቀረው ደግሞ በዳኛው እግር ተመላልሶ አልጋችን ውስጥ ገባ። አመድ አደረግሁ። እሱስ ሽታ ይይዛል፣ ነገር ግን ዳኛው አመድ ለብሶ ወጥቶ የአነፍናፊዋን የታጠበ አንሶላ በመዳፉ ማኅተም በማኅተም አደረገው። ጋዜጣ ቀድጄ አነጠፍኩ፤ ተኛበት። ከዚያም ጉዳዩን አልጋዬ ሥር ወሰነ። ይግባኝ የለውም።

አሁን የያዝኩት ሰጋቱራ ነው። ከታች ያለው አናጢ በነጻ ይሰጠኛል፣ እኔም ሱሪውን እጣጥፍለታለሁ። ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ብቻ አቧራው እማዬን ያስላታል።

ግቢው ቢኖር ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ልወቅስህ አይደለም፣ ሸጠን እንላክህ ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ግን ሳስበው፣ ከአንተ መሄጃ በኋላ ለአንድ ድመት የምትሆን ስንዝር አፈር እንኳ ሳናስተርፍ መቅረታችን ይገርመኛል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለእማዬ አንድ አንቀጽ ጻፍላት። "ጉልበትሽ እንዴት ነው?" በላት። ከዚያ በኋላ ስለ አሸዋ ደስ እስኪልህ ጻፍ።

እህትህ

ጥር 20 ቀን

ለእታለሜ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፣ ክፍሌን ለቅቄ ከሌሎች ልጆች ጋር ተጋርቼ ገብቻለሁ፣ ሥራውም ፋታ የለውም።

ሰጋቱራውን አትናቂው። አናጢው ቀለም ወይም ማጣበቂያ ከነካው ጣውላ የወጣውን እንዳይሰጥሽ። በወንፊት ነፍተሽ ደቃቁን ጣይ፣ የምታስላት እሱ ነው። ጥቂት ውሃ እርጭት ብታደርጊበት አቧራው አይነሳም። ከሳፋው በታች ያረጀ ምንጣፍ አንጥፊ፣ እግሩ ላይ የያዘውን እዚያ ያራግፋል። ደግሞ አኮላሹት። ከተኮላሸ ሽንቱ እንዲያ አይከረፋም። ዳኛ መሆኑ ይቅርበት።

ለማንኛውም እፎይ በይ፣ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ወደናንተ ይመጣል። አንድ ከረጢት ሰጥቼዋለሁ። የሚቋጥረውን፣ አቧራ የሌለውን፣ ምንም የማይሸተውን። አንዴ ካየሽው ሌላ አትፈልጊም።

ስለ ግቢው የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።

ለእማዬ ምን ብዬ ልጻፍ? ደህና ነው በያት።

ወንድምሽ

የካቲት 14 ቀን

ለወንድሜ፣

ከዚህ ሰላምታዬ ይድረስህ። ዛሬ የምጽፈውን ተቀምጠህ አንብብ፣ ከረጢት ላይም ቢሆን።

ባልደረባህ ዕቃውን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ እማዬ የእግሩን ኮቴ ሰማች። እንዴት እንደሰማችው አልገባኝም። "መጣ?" ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። "እሱ አይደለም እማዬ፣ እሱ የላከው ሰው ነው" አልኳት።

"ምን ላከልኝ?"

እዚህ ላይ ቀጥ ብዬ ልንገርህ። ኅዳር ላይ የጻፍካቸውን አራት ገጾች አላነበብኩላትም። ምኑን ላንብብላት? ሽንት ይቋጥራል፣ ሽንት አይቋጥርም ልበላት? ወረቀቱን ዓይኔ ፊት ዘርግቼ ከራሴ አነበብኩ። "እማዬ፣ ጉልበትሽን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። እዚህ የሚያሞቅ ነገር አለ፣ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ" ብሏል አልኳት። የጥር ወሩንም ደብዳቤ እንዲሁ አደረግሁ። በአንተ ድምፅ ለማንበብ ስሞክር ደግሞ አለቀስኩ፣ እሷም "አንቺ ምን ያስለቅስሻል? ይልቅ ድገሚልኝ" አለችኝ።

እና እጇን ከረጢቱ ውስጥ አስገባች። ዘገነች፣ በጣቶቿ መሃል አንቆረቆረችው፣ አሸተተችው። "ይሄ ነዋ የጉልበቱ!" አለች። "ድሮ ጨው አሙቀን እናስር እንደነበረው ነው። የነሱ ደግሞ እንዴት ደቃቅ ነው! ገላ አይቆረቁርም።" ልጁ እኔን አየኝ፣ እኔ ወለሉን አየሁ።

ከተማሪ ዩኒፎርም ቁራጭ ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች ሰፋሁ፣ ሰማያዊ ናቸው። አሸዋውን መጥበሻ ላይ አሙቄ ሞላኋቸውና ጉልበቷ ላይ አሰርኩላት። ዓይኗን ጨፈነች። "እጁን እንዳሳረፈበት ነው" አለች። ዳኛው የሚገባውን ዕቃ መች ያጣዋል፣ መጥቶ አሸተተና መዳፉን አንስቶ ሊጭር ሲል እማዬ ያን ለስንት ዘመን "ሂድ" ብላው የማታውቀውን ድመት በጥፊ መታችው። "ልጄ የላከልኝ ላይ ነው የምትጸዳዳው?" አለችው። እሱም ዘወር ብሎ አላያትም፣ ወደ ሰጋቱራው ሄደ።

ታምነኛለህ፣ በማግስቱ ግድግዳ ሳትይዝ እስከ መስኮቱ ሄደች። ምግብም ጠይቃ በላች። አነፍናፊዋን ደግሞ በነጻ ቀሚስ ሰፍቼላት ለጊዜው አፏን አስይዣታለሁ።

ሌላ ምንም አልልህም። ላኪው እኔ ነኝ ብለህ ለእማዬ ጻፍላት። ሁለት መስመር። ከዚያ በኋላ ያሻህን ስደበኝ።

እህትህ

መጋቢት 25 ቀን

እታለም፣

ምን ነክቶሻል? የድመት ሽንት መቀበያ እናቴ ጉልበት ላይ? ልጁ ሲመለስ ለመጋዘኑ ሁሉ አወራ። የሳቀው ስቆ ሲጨርስ አንዱ "መድኃኒት ላኪው" ብሎ ስም አወጣልኝ።

ሁሉ ነገር ከወጣ እኔም ላውጣ። ከረጢቱን አልገዛሁትም። ሲወርድ የተቀደደውን ለእኛ ይሰጡናል፣ ከዚያ ነው። ይህን ሳታውቂ "እጁን እንዳሳረፈበት" ስትይኝ ምን እንደተሰማኝ አታውቂውም።

ለምን ስለ አሸዋ እንደምጽፍ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ስለ አሸዋ ስጽፍ አልዋሽም። ለእማዬ "እመጣለሁ" ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ከዚህ ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም፣ አገር ቤት ገብቼ እዚያው ከቀረሁ ደግሞ ግቢው ለምን ተሸጠ? "አልመጣም" ብዬ እንዳልጽፍላት ደግሞ እጄ እንቢ ይለኛል። ስለዚህ የማውቀውን እጽፋለሁ። የማውቀው አሸዋ ነው። አንቺ ግን ዝም ብለሽ በእኔ ስም ዋሸሽ፤ ያልሆንኩትን ልጅ አድርገሽ አሞገስሽኝ።

እውነቱን ንገሪያት። እኔ በውሸት አልመረቅም።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 12 ቀን

ለወንድሜ፣

ወረቀት እንደሌለህ አሁን ነው ያወቅሁት። ይህን ሁሉ ጊዜ ለእሷ "በቅርቡ" እያልኩ ለራሴም አምኜ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

እውነቱን ልነግራት ወንበሬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ገና "እማዬ፣ ያ የላከው ነገር" ከማለቴ "ወረቀት አምጪ፣ ጻፊ" አለችኝ። ያለችውን እንዳለ ጻፍኩት፣ ከዚህ ላይ የእኔ ቃል የለበትም፦

"ልጄ፣ የላክልኝ ምን እንደሆነ አልጠይቅህም። ሞቆኛል። ያንተን የልጅነት እግር በክረምት ታቅፌ አሞቅ የነበረው ትዝ አለኝ፣ ብድርህን መለስክ። እህትህ ደብዳቤህን ስታነብልኝ አንዳንዴ ረዘም ታደርገዋለች፣ ይሁን፣ ታርዝመው። ዳኛው ደግሞ ተቀይሞኛል፣ እግሬ ላይ መተኛት ትቷል። ይሄኛው ሙቀት መያዝ ትቷልና ሌላ ላክልኝ። ከቻልክ ራስህ ይዘኸው ና። ካልቻልክ አልችልም በለኝ፣ እኔ እናትህ ነኝ፣ አላኮርፍም።"

ሰማህ? እንግዲህ እውነቱን አንተው ንገራት። እኔ አልቻልኩም።

እህትህ

ሰኔ 18 ቀን

ለእታለሜ፣

ሁለት ከረጢት ልኬያለሁ። የተገዙ ናቸው፣ ደረሰኙን አይተሽ እመኚኝ። ደብዳቤውን ስጀምርና ስቀድ ነው የቆየሁት። ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ አንብቢላት። አንድ ቃል አትዝለዪ፣ አንድ ቃልም አትጨምሪ።

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ይሄን ለመጠየቅ ይህን ያህል ጊዜ የወሰደብኝ ከጉልበትሽ በኋላ የምትጠይቂኝን ስለፈራሁ ነው። መምጣት አልችልም። መቼ እንደምችልም አላውቅም። ይኸው አልኩት። የላኩልሽን ጧትና ማታ አሙቀሽ እሰሪው። ሲበርድ ድገሚው፣ አትሳሺ፣ ሌላ እልካለሁ። እታለም ያረዘመችው ሁሉ እኔም የማስበው ነበር፤ መጻፉ ነው ያቃተኝ። ዳኛውን ታረቂው። እግርሽን ስሜያለሁ።

ወንድምሽ

ሐምሌ 30 ቀን

ለወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ ልበልህ። ስደውል ስልክህ አልሠራ አለ፣ ክፍል ስትቀይር ቁጥርም ቀይረሃል መሰለኝ። መርዶህ በደብዳቤ ሆነ፣ ይቅር በለኝ።

እማዬ ሰኔ ሲጋመስ አረፈች። ሳሉ ደረቷ ላይ ወረደና ሳምንት አላቆየንም። አንተ "ጉልበትሽ እንዴት ነው" ብለህ ስትጽፍ እሷ ከተቀበረች ቀናት ሆኗት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልልህ አንጀቴ አይችልም፣ እንዳልተው ደግሞ ሌላ ቃል አጣሁ። ሰጋቱራው ይሁን፣ ዕድሜዋ ይሁን፣ ሐኪሙን ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። በወንፊት እነፋው ነበር፣ እንዳልከኝ። አንዳንድ ቀን ግን ደክሞኝ ሳልነፋ አነጥፈው ነበር። ያን አቧራ የሌለበትን አሸዋ ጉልበቷ ላይ አስሬ፣ የሰጋቱራውን አቧራ አፍንጫዋ ሥር አስቀምጬ። ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

ያጠቧት ሴቶች ጉልበቷ ላይ ያሉትን ሰማያዊ ከረጢቶች ፈትተው "ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ። "ልጇ ከውጭ የላከላት መድኃኒት ነው" አልኳቸው። አንዷ "ወይ መታደል! እንዲህ ያለ ልጅ ለእኛም ይስጠን" አለች። አሜን አልኩ።

ደብዳቤህን አንድ ቃል አትዝለዪ ስላልከኝ አልዘለልኩም። አልጋዋ አጠገብ በዚያው ወንበሬ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ዳኛው ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከሞተች ጀምሮ ከዚያ አይወርድም። ታርቀዋል።

ሁለቱን ከረጢት ሳፋው ውስጥ ገለበጥኩ። የጉልበቷን ከረጢቶችም ተርትሬ ያለውን ጨመርኩበት፤ ሌላ ምን ላድርገው? ዳኛው ዞር ዞር ብሎ አሸተተ፣ ጭሮ ጉዳዩን ጨረሰ፣ እንደ ድሮው እንደ ጓሮው ቀበረው።

ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ጥሩ አሸዋ ነው፣ ይቋጥራል፣ አቧራ የለውም። አነፍናፊዋ ትናንት እስከ አልጋው ድረስ ገብታ አሸታ አሸታ "ድመቱን አስወጣሽው እንዴ?" አለችኝ። ቤቱ አሁን ምንም አይሸትም። እማዬ እማዬ እንኳ አይሸትም።

እህትህ